«ልጄ ጥቁር ካርድ ይዛ መጣች»፦ የአንባቢያን ጥያቄና የሲስተር መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፉ ናቸው፤ በጦር ካምፕና በሥራ ቦታ ስለሚደረግ የቁስለኛ ልምምድ። ለአዲስ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ፦ በሠራዊቱ ሕክምና ውስጥ 23 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የምኖር ነኝ። ጉዳዩ የኖርኩበት ስለሆነ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከርመዋል? ልጄ ደሴ ነርሲንግ ትማራለች፤ ሁለተኛ ዓመት ናት። ባለፈው ሰሞን ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ወደ አንድ የጦር ካምፕ ሄደው ቁስለኛ መስለው ሲተኙ ዋሉ። ቅዳሜ ወደ ቤት ስትመጣ ልብሷን ላጥብ ብዬ ሳወጣ ደረቱ ላይ ደም የመሰለ ነገር አየሁና ጮህኩ። ቀይ ሥር ነው አለችኝ። ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ ክር የታሰረበት ጥቁር ካርድ አገኘሁ። «ይሄ ምንድን ነው?» ስላት «እኔ እኮ ሞቼ ነበር» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ወልጄ ያሳደግኳትን ልጅ በቁሟ የሞት ካርድ ማንጠልጠል ሟርት አይደለም ወይ? ሁለተኛ እንዳትሄድ ልከልክላት?
የልጅ እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። የልጇ ልብስ ላይ ደም የመሰለ ነገር አይታ የማትጮህ እናት የለችምና ድንጋጤሽ ይገባኛል። ስለ ሟርቱ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በየወሩ ለቅሬ፣ ለዕድሩ ማለቴ ነው፣ ትከፍያለሽ አይደል? ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። ስትከፍዪ «ሞት እየጠራሽ ነው» ያለሽ ሰው አለ? የለም። ቀኑ ሲመጣ ሰው እንዳይዋከብ ብለን ነው የምንከፍለው። የልጅሽም ካርድ ከዚህ አይለይም።

ካርዱ ምን እንደሆነ ላስረዳሽ። መኪና ሲገለበጥ ወይም ፍንዳታ ሲደርስ ቁስለኛው ሠላሳ፣ የነርሷ እጅ ሁለት ነው። ስለዚህ ቀድሞ የደረሰው ባለሙያ ማከም አይጀምርም፤ መጀመሪያ ይለያል። ሆስፒታል በር ላይ «ትሪያጅ» የሚሉት ክፍል ሥራው ይኸው ነው። በእግሩ መሄድ የሚችል አረንጓዴ ይሰጠዋል። ቃሬዛ የሚፈልግ ግን ጥቂት መጠበቅ የሚችል ቢጫ፣ አሁኑኑ ካልደረሱለት የሚያልፍ ቀይ ያገኛል። ጥቁሩ ሕይወቱ ላለፈ፣ ወይም በዚያ ሰዓት ባለው እጅና መድኃኒት ሊድን ለማይችል ነው።

በብዙ አገር የሚሠራበት አንዱ የመለያ መንገድ ስታርት ይባላል። በ1983 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኒውፖርት ቢች በምትባል ከተማ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የሆግ ሆስፒታል ባለሙያዎች ያወጡት ነው። ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈቀድም። «መሄድ የምትችሉ ወደዚህ ኑ» ተብሎ ይጮሃል፤ የመጡት አረንጓዴ ናቸው። ለቀሩት ሦስት ነገር ይታያል፦ ትንፋሹ በደቂቃ ከ30 ይበልጣል ወይ፣ ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ደሙ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ይመለሳል ወይ፣ «እጄን ጨብጥ» ሲሉት ይጨብጣል ወይ። አንዱ ከተበላሸ ቀይ፣ ሦስቱም ደህና ከሆኑ ቢጫ። የማይተነፍስ ሰው ከተገኘ ራሱ ቀና ተደርጎ የአየር መንገዱ ይከፈትለታል። ያኔም ካልተነፈሰ ጥቁሩ ካርድ ይታሰርለትና ባለሙያው ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ከባዱ ነገር ይህ ማለፍ ነው፤ ከተማርኩት ሁሉ እንደዚህ የከበደኝ የለም። እጅሽ ደረት ለመጫን ይሮጣል፤ ሰውየው ደግሞ የእናቱ ልጅ ነው። ግን አንቺ እሱ ላይ ስትቆይ አጠገቡ ያለው ቀይ ደሙን ጨርሶ ይሞታል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ሰው ላይ የሚወስን ልጅ ወይ ደንዝዞ ይቆማል፣ ወይ ዕድሜ ልኩን የሚከተለው ስህተት ይሠራል። ስለዚህ አስቀድሞ፣ ነገ አብራው ክፍል በምትቀመጥ ልጅ ላይ ይለማመደዋል። ካርዱን ልጅሽ ላይ ያሰረው ተማሪ ያን ቀን እጁ ተንቀጥቅጦ ሊሆን ይችላል። ልጅሽ ገላዋን ነው ያዋሰችው፤ ትልቅ ውለታ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። አገልግሎት ላይ ሳለሁ በአንድ ካምፕ የመኪና መገልበጥ ልምምድ ነበረን፤ 18 የልምምድ ቁስለኛ፣ ሁሉም ምልምል ወታደሮች። እያንዳንዱ ኪሱ ውስጥ «እንዲህ ሁን» የሚል ወረቀት ይዟል። አንዱ ጣቱ ብቻ የተቆረጠ፣ ግን አብዝቶ እንዲጮህ የታዘዘ ነበር። እንዴት አድርጎ ጮኸ! አራት ሰው ቃሬዛ ይዞ እሱ ላይ ተረባረበ። ትሪያጅ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እኔም ወደ ጩኸቱ ሮጥኩ። ከ35 ደቂቃ በኋላ ፊሽካ ተነፋ፤ አቧራችንን አራግፈን ለግምገማ ተቀመጥን። ያኔ ኡራል ከምንለው የጭነት መኪና የኋላ ጎማ ሥር አንድ ቀጭን ልጅ ተነሥቶ መጣ። በወረቀቱ ላይ «ጭኑ ላይ የደም ቧንቧ ተቆርጧል፤ መናገር አይችልም፤ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል» ይላል። ሱሪው ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በቀይ ውሃ ርሷል። «እኔ ሞቻለሁ» አለ ረጋ ብሎ። «ሦስት ሰው ተራምዶኝ አልፏል። አንዷ ሲስተር ናት፤ ጫማዋን አይቼዋለሁ።»

ጭን ላይ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ ከተቆረጠ ሰው በጥቂት ደቂቃ ይሞታል፤ 35 ደቂቃ ማለት እኛ ስንደርስ ከቀዘቀዘ ቆይቷል ማለት ነው። ማንም አልተቆጣኝም። እኔ ግን ማታ አልተኛሁም። ከዚያ በኋላ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ እውነተኛ ቁስለኛ በመጣ ቁጥር፣ መጀመሪያ የምሄደው ዝም ወዳለው ነበር። በሕይወት የተረፉ ሰዎች አሉ፤ ያ ልጅ ከጎማ ሥር ስለተኛ ነው የተረፉት።

ስለዚህ አትከልክያት። ይልቅ ቡና አፍልተሽ አስቀምጫትና ተኝታ ሳለ ምን እንደሰማች ጠይቂያት። «ሞተች» የተባለ ሰው ከላዩ የሚወራውን ሁሉ ይሰማል፤ ማን በክብር እንደሸፈናት፣ ማን ስልክ እያወራ እንዳለፈ ታውቃለች። ያንን በግምገማው ላይ ከተናገረች የክፍሏ ልጆች ከመጽሐፍ የማያገኙትን ታስተምራቸዋለች።

አንድ ነገር ግን አንቺም እንደ እናት ልትጠይቂ ይገባል፦ «እውነት ብታመም ምን እላለሁ?» የሚለውን አስተምረዋታል ወይ? በሌላ ልምምድ ላይ አንዲት ምልምል ለቁስለኛነት ተኝታ አስሟ ተነሣባት። ትንፋሽ አጥሯት ስትጨነቅ የቆሙት ሰዎች «አቤት ስትችልበት!» እያሉ አደነቋት። ከንፈሯ መጥቆሩን ያየ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ነው ጮሆ ያስቆመን። የእንግሊዝ ጦር ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ በልምምድ መሐል እውነተኛ ጉዳት ሲደርስ በሬዲዮ «ኖ ደፍ» ይባላል፤ የሰማ ሁሉ ማስመሰሉን ትቶ ለእውነተኛው ይሮጣል። እኛ ከዚያ ቀን በኋላ «እውነት ነው፣ እውነት ነው፣ እውነት ነው» ማለትን ሕግ አደረግን፤ መናገር ላልቻለ ደግሞ ሁለት እጅን ከራስ በላይ ማጠላለፍ። ይህ ሳይነገር የሚጀመር ልምምድ ካለ ልጅሽ «አልተኛም» የማለት መብት አላት።

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር አጠገብ ልምምድ ነው ተብሎ ሳይረን ሲጮህ፣ ደም የነካቸው ልጆች በመኪና ተጭነው ሲያልፉ አየን። ባለቤቴ በ2014ቱ ጦርነት ያየችው ነገር አለ፤ ተንቀጥቅጣ ወደቀች። ይህ ተገቢ ነው?
ከደሴ

መልስ፦ ተገቢ አይደለም፤ ባለቤትዎንም ምሕረት ያውርድላት። ልምምዱ ተገቢ ነው፤ ሳይነግሩ ማድረግ ግን ጥፋት ነው። ደሴ እንዲህ ዓይነቱን ቀን በታሪኳም ታውቀዋለች። ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ፣ ከተመሠረተ ግማሽ ዓመት እንኳ ያልሞላው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ድንኳኖችና ሆስፒታሉ ሳይቀሩ ተመትተዋል። የዘመናችንን ደግሞ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። እንዲህ ባለ ከተማ ልምምድ የሚያደርግ አካል ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት ለቀበሌው፣ ለመስጊዱ፣ ለቤተ ክርስቲያኑና ለቅሬ ዳኛው ቀኑንና ሰዓቱን መንገር አለበት። በዕለቱም መንገድ ላይ «ልምምድ ነው» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ይቁም። ባለቤትዎ እንቅልፍ ካጣች፣ ያ ነገር በዓይኗ ከተመላለሰ፣ የአእምሮ ጤና ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዷት፤ የሚታከም ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሥራ ደህንነት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ወታደር የነበረ ጓደኛዬ ካምፕ ውስጥ ስለሚያደርጉት ልምምድ ነግሮኝ እኛም እንጀምር ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። አለቃዬ «ሥራ ያስፈታል፤ አምቡላንስ ተጠርቶ ይመጣል» አለኝ። ምን ብዬ ላሳምነው? ከምንስ ልጀምር?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አለቃህን የሐረጎን ዳገት አስታውሰው። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ዳገትና ጥምዝ ነው፤ ከባድ መኪና ፊት ለፊት ከተገተረ አምቡላንሱም ይቆማል። 907 ደውላችሁ፣ መኪናው መጥቶ፣ ሰውዬው ደሴ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ የእናንተ ነው። እጁ ማሽን ውስጥ የገባ ሰው ደሙን የሚያቆምለት አጠገቡ የቆመው ኦፕሬተር እንጂ አምቡላንሱ አይደለም።

ከጦሩ የሚወሰደው ትልቁ ትምህርትም ይኸው ይመስለኛል። 75ኛ ሬንጀር ሬጅመንት የሚባለው የአሜሪካ ልዩ የጦር ክፍል የሕክምና ባለሙያውን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ወታደር ደም ማቆምና ቁስለኛ ማንሣት አስተማረ፤ በየልምምዱም ቁስለኛ እንዲኖር አደረገ። ከ2001 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በነበሩት ውጊያዎች የሞቱባቸውን 32 ሰዎች አንድ በአንድ ሲመረምሩ፣ ከሆስፒታል በፊት በተሰጠ እርዳታ ጉድለት ሞተ የሚባል አንድም አላገኙም። አውሮፕላን ማረፊያዎችም በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት ቢበዛ በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ ሙሉ የአደጋ ልምምድ ማድረግ አለባቸው። ልምምድ ሥራ የሚያስፈታ ቢሆን ኖሮ እንደ አየር መንገድ ለሰዓቱ የሚሳሳ ሥራ አይቀበለውም ነበር።

አጀማመሩ በትንሹ ይሁን። አንድ ክፍል፣ ስድስት ቁስለኛ፣ አርባ ደቂቃ። ለጥበቃዎች፣ ለክሊኒኩና ለአካባቢው ፖሊስ አስቀድመህ ንገር። በስልክም በሬዲዮም የሚተላለፍ መልእክት ሁሉ «ልምምድ፣ ልምምድ፣ ልምምድ» ብሎ ይጀምር። ሰዓት ይዞ የሚጽፍ፣ እጁን የማያስገባ አንድ ታዛቢ መድብ።

ለደሙ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አትፈልግ። ምልምሎቹን የምናዘጋጀው በቤት ነገር ነበር። አብሽ በውሃ ዘፍዝፈህ አሳድረው፤ ጠዋት ያንን የሚዝለገለግ ውሃ አጥልለህ በተቀቀለ ቀይ ሥር ውሃ ቀላቅለው። ልክ እንደ ደም ከጨርቅ ላይ እየተሳበ ይወርዳል። ለተከፈተ ቁስል ቫዝሊንና ዱቄት አሽተህ ቆዳ ላይ ለጥፍና መሐሉን በማንኪያ ጀርባ ሰንጥቀው፤ ለበለዘ ቦታ ጂቪ የሚባለውን ወይን ጠጅ የቁስል መድኃኒት በጥጥ ነካ ነካ ማድረግ ይበቃል። ለተሰበረ አጥንት ሥጋ ቤት ሄደህ የበግ ቅልጥም ስባሪ ለምን፤ አጥበህ ቀቅለው። ልብሱ አሮጌ ይሁን፤ ቀይ ሥር ከነጭ አይለቅም። የአብሹን ደም በቀጭን ቱቦ ከብብት ሥር እያፈሰስክ፣ ማሰሪያው በትክክል እስኪጠብቅ አታቁመው። ደሙ ሲቆም በዓይኑ ያየ ሰው አይረሳውም።

ማሰሪያውን፣ ቱርኒኬት የምንለውን፣ በደንብ አስተምራቸው። ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ራቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ መገጣጠሚያ ላይ አይሆንም። ደሙ እስኪቆም ይጠመዘዛል፤ ያማል፣ ቁስለኛውም ይጮሃል፣ አይላላለትም። የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል። ከሌለ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ጨርቅና አጭር እንጨት ያገለግላል፤ ሽቦና ሲባጎ ግን ሥጋ ይቆርጣልና በጭራሽ። በልምምዱ ጤነኛ እግር ላይ እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ አታቆዩት።

ደግሞ ሰው መሬት ላይ ስታስተኛ ከሥሩ ምንጣፍ፣ ከላዩ ጋቢ አድርግ። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው ብለህ አትተወው። ደም የፈሰሰው ሰው በቆላም ይበርደዋል፤ ገላው ሲቀዘቅዝ ደሙ መርጋት ያቅተዋል። እኛ ደሴ ላይ፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ፣ በህዳር ጠዋት ስንለማመድ የልምምድ ቁስለኞቹ ጥርሳቸው የሚንገጫገጨው ለማስመሰል አልነበረም።

ግምገማውን በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ አድርግ። መጀመሪያ ቁስለኞቹ ይናገሩ፣ ቀጥሎ የረዱት፣ አለቃ በመጨረሻ። አለቃ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ሁሉ «ጥሩ ነበር» ብሎ ይበተናል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለሲስተር። የቀድሞ ወታደር ነኝ፤ ግራ እግሬን ከጉልበት በታች በፈንጂ አጥቻለሁ። አሁን ደሴ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። አንድ አሠልጣኝ መጥቶ «ለቁስለኛ ልምምድ ና፤ ያንተ እግር እውነተኛ ስለሆነ ለተማሪዎቹ ይጠቅማል፤ አበልም አለው» አለኝ። ሚስቴ «ጉድለትህን መጫወቻ ሊያደርጉት ነው» ብላ ተቆጣች። እኔ ደግሞ ልቤ ሁለት ሆነ። ምን ይመክሩኛል?
ከደሴ፣ ሮቢት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ባለቤትዎ የተቆጡት ስለሚወዱዎት ነው፤ መጀመሪያ እሳቸውን ያመስግኑልኝ።

አሠልጣኙ የጠየቀዎት ነገር በሌላ አገር የተለመደ ሥራ ነው። በእንግሊዝም በአሜሪካም እጅና እግር ያጡ ሰዎች፣ ብዙዎቹ የቀድሞ ወታደሮች፣ በደመወዝ እየተቀጠሩ በጦሩ ልምምድ ላይ ይተኛሉ። አሻንጉሊት ላይ የተማረ ልጅ የተቆረጠ እግር ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው ዓይኑን ማሸሽ ነው። ዓይኑን ባሸሸበት ጊዜ ደሙ ይፈሳል። እርስዎ ፊት አንድ ቀን ያንን ድንጋጤ ከጨረሰ፣ እውነተኛው ቀን ሲመጣ እጁ ቀጥ ብሎ ወደ ማሰሪያው ይሄዳል።

ጦር ሜዳ ላይ ቁስለኛን በጉዳቱ እንጂ በማዕረጉ አትለዩ ብሎ ሥርዓት ያስያዘው የናፖሊዮን ሠራዊት ሐኪም ላሬ እንደነበር ተምረናል። በኔ ዘመንም ቃሬዛ ላይ ጄኔራል የለም፣ ተራ ወታደር የለም እንባባል ነበር። እርስዎም እዚያ የሚሄዱት በዚያ መንፈስ ከተጠሩ ነው፤ እንደ አስተማሪ። እንደ ትርዒት ከሆነ አይሂዱ።

ልዩነቱን የሚያውቁት አሠልጣኙን አስቀድመው በመጠየቅ ነው። የፍንዳታ ድምፅ ይኖራል ወይ? ካለ መቼ እንደሆነ ይንገርዎት፤ ካልፈለጉ ይቅር። ዓመታት ካለፉ በኋላም ገላ የሚያስታውሰው ነገር አለ፤ ይህ ድክመት አይደለም። በመሐል «ይብቃኝ» ቢሉ ወዲያው የሚያስቆም ሰው ማን ነው? ፎቶ ማን ያነሣል፣ የትስ ይሄዳል? አዲስ ቁስል የሚሠሩልዎት ቀለም ጠባሳዎን ወይም የሰው ሠራሽ እግርዎ መደገፊያ የሚነካው ቦታ ላይ እንዳይደረግ ይከልክሉ፤ ያ ቆዳ ቶሎ ይቆስላል። ባለቤትዎም አብረው ይምጡና ከዳር ቆመው ይዩ፤ አሠልጣኙ ይህን ካልፈቀደ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

ከተስማሙ ደግሞ ከአበሉ በላይ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ በግምገማው ላይ ጊዜ ይሰጠኝ ይበሉ። ፈንጂው ላይ ወድቀው ሳለ የደረሰልዎት ሰው ምን እንዳለዎት፣ እጁን የት እንዳደረገ፣ ቃሬዛው ሲነሣ ምን እንዳመመዎት፣ መንገድ ላይ ውሃ ሲለምኑ ምን እንደመለሱልዎት ለእነዚያ ልጆች ይንገሯቸው። በስምዎ የጠራዎት ሰው ከነበረ እሱንም ይንገሯቸው።